የፈጠራ ቡድኑና የሚሰነጠቀው ሳሙና

አንደኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ እጇ ፈጣን ነው። ምላሷ ከእጇም ይፈጥናል። ስለዚህ ከራሷ አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ የእኔንም እንዳታሳምር አስምያታለሁ። ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ ሰንብቷል። ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን፤ ጸሐፊ ላማርጥ ብልም የለኝም።

ደብተሩን የሰጡኝ ፋብሪካ ነው። ልባሱ ጠንካራ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ክር ያለው። "በየጊዜው የሚሰማችሁን ጻፉበት፤ ማንም አያየውም" ተባልን። የሚሰማኝን! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳሙና ላይ ማኅተም የሚመታውን ፕሬስ ስጠግን ምን ይሰማሃል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሁን ደብተር ተገዛልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሙናው ተቆርጦ ማድረቂያ ክፍል አንድ ሌሊት ያድራል፤ ከዚያ ወደ ፕሬሱ ይሄዳል። ከመቶው ዐሥራ ሁለቱ ፕሬሱ ሲመታው ይሰነጠቃል። ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ጎረምሳ አስመጥቶ "የፈጠራ ቡድን" የሚባል ነገር አቋቋመ። ጎረምሳውን ጨምሮ አምስት ነን። ዘጠኝ ሳምንት ተሰጠን። መላ ካልተገኘ፣ ሳሙናውን ከማድረቂያ ወደ ፕሬስ የሚያመላልሱትና የሚጠቀልሉት ዐሥራ አንድ አሽጊ ሴቶች ተሰናብተው በቦታቸው ማሽን ይገዛል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲናገር ሻዩን እያማሰለ ነበር።

እኔ የተመረጥኩት "ለልምዴ" ነው። ልምድ ማለት የተማረ ሰው ሽማግሌ ማለት ሲያፍር የሚጠቀምበት ቃል ነው።

አንድ ነገር ልበልና ይብቃ። ማንበብ መጻፍ እንደማልችል ፋብሪካ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ፊርማዬን እስላታለሁ፤ ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ ታምራለች። ቁጥር አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ፕሬሱ ጠይቆኝ አያውቅም።

አንደኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ስብሰባ። ጎረምሳው ትንሽ ቃጭል ይዞ መጣ። ማሰብ ጀምሩ ሲል ያቃጭላል፤ አቁሙ ሲል ያቃጭላል። በግ ነን እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ባለቃጭሉ ነው።

መጀመሪያ "እንተዋወቅ" ብሎ ኳስ አቀባበለን። ከሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ጋር ሃያ ዓመት እንተዋወቃለን። ልጇን ስትድር ወንበር ያመላለስኩላት ሰው ነኝ። አሁን ኳሱን ወርውራልኝ "የምወደው ቀለም ሰማያዊ ነው" ትለኛለች! ኳሱን ያዝኩና "ፕሬሱ ቆሟል፤ ልሂድ?" አልኩ። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

ሌሎቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ነጭ ካፖርቱን ስብሰባ ላይ እንኳ የማያወልቀው ኬሚስት፣ እና የአሽጊዎቹ አለቃ። እሷን ሴቶቹ "ዝምታ" ነው የሚሏት። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ኳሱ ሲደርሳት ቀስ ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ጀርባው ሙጫ ያለው ባለቀለም ወረቀት ታደለን። "ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። መነጋገር የለም፣ አንዱ ሌላውን እንዳይጫን!" አለና አቃጨለ። ሁሉም አጎነበሰ። እኔም አጎነበስኩ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ጥቂት አንቀሳቀስኩና፣ ሳላስነካው፣ ባዶውን ወስጄ ከሌሎቹ መሐል ለጠፍኩት።

ባለቃጭሉ ከፊቱ ቆሞ ቀረ። "አያችሁ? ባዶ! ጋሼ የሚሉን፣ እናውቃለን የምንለውን ሁሉ ጥለን ከባዶ እንጀምር ነው!" ብሎ አጨበጨበ። የሒሳብ ክፍሏም አጨበጨበች። ኬሚስቱ እንደ ገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ዝምታ ብቻ አላጨበጨበችም፤ እኔን ነበር የምታየው።

ጸሐፊዬ እዚህ ላይ ብዕሯን ጥላ ሳቀች። ሳቂ። ግን ጻፊው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

በአጭሩ። እጄ ገና ዘይት ነው።

ግድግዳው ላይ አዲስ ጽሑፍ ተሰቅሏል። የሒሳብ ክፍሏ ጮክ ብላ አነበበችው፦ "መጥፎ ሐሳብ የለም።" የመጀመሪያው መጥፎ ሐሳብ ይኸው ተሰቀለ።

ጠዋት እንደ ልማዴ ማድረቂያ ክፍል ሻዬን ጠጣሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጉልበቴ ሙቀት ካላገኘ አይታዘዘኝም፤ ደረቴ ደግሞ የሶዳውን ሽታ አይችልም። ስለዚህ ወንበሬን ሦስተኛው መደርደሪያ ጥግ አድርጌ ትንሿን መስኮት ከፈት አድርጌ እተዋታለሁ። በዚያ ፋብሪካ ሰው የሚያስብበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ቃጭል የለ፣ ኳስ የለ።

ሦስተኛ ሳምንት፣ እሑድ

ዛሬ ሥራ የለም። ባለቃጭሉ ስላልጠየቀኝ፣ ስለ ቡድን የማውቀውን ለደብተሩ ልንገረው።

ፕሬሱን ወደ ፋብሪካው ያስገባነው አራት ሰዎች ነን፦ አናጺው፣ ዘይተኛው፣ አንድ ስሙን የማናውቀው የቀን ሠራተኛ፣ እና እኔ፤ ያኔ ገመድ ጎታች ነበርኩ። በሩ ከፕሬሱ በአንድ ስንዝር ይጠብ ነበር። መሐንዲሱ "ግድግዳው ይፍረስ" ብሎ ምሳ ሊበላ ሄደ። አናጺው በሩን ሲያይ ቆየና "በጎኑ ብናስተኛውስ?" አለ። ዘይተኛው "ከተኛ ዘይቱ ይፈሳል፤ አስቀድመን እንቅዳው" አለ። ቀዳነው። አስተኛነው። አልንቀሳቀስም አለ። ጎተትን፣ ተሳደብን፣ ደክሞን ተቀመጥን። ያኔ የቀን ሠራተኛው "ከሥሩ ሳሙና አትቀቡትም? የሳሙና ፋብሪካ አይደለም እንዴ?" አለ። ቀባነው። እንደ ጀልባ ገባ። መሐንዲሱ ከምሳ ሲመለስ ፕሬሱ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ቡድን ማለት ያ ነው። ማንም ስለሚወደው ቀለም አላወራም። ሥራው መሐላችን ተጋድሞ ነበር፤ ሁላችንም የምናየው እሱን ነበር እንጂ አንዱ ሌላውን አልነበረም። መላውን ያመጣው ደግሞ ከሁላችንም ያነሰው ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የሰማነው አክብረነው አይደለም፤ ለመሳደብ እንኳ ትንፋሽ ስላጣን ነው።

"ታዲያ አባባ፣ አሁን ከአምስታችሁ የሚያንሰው ማነው?" አለችኝ ጸሐፊዬ።

"ባለቃጭሉ ነዋ!" አልኳት።

ብዕሯን ስታሾር አይቻለሁ።

አራተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ባለቃጭሉ ግድግዳው ላይ በመብራት ሥዕል አሳየን። መስመሩ ተጋድሞ ተጋድሞ፣ ድንገት ሽቅብ ይወጣል። "ስንጥቁ የበዛው ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ምን ተለወጠ?" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ጥያቄ ጠየቀ። ከዚያ ራሱ መልሶ አበላሸው፦ "ማሽኑ አርጅቶ ይሆን?"

ኬሚስቱ ወደ ሒሳብ ክፍሏ ጠጋ ብሎ "ከነባለቤቱ" አላት። ሹክ ማለቱ ነው። የእኔ ጆሮ የፕሬስ ጆሮ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንዲት የላላች ብሎን ለይቶ ይሰማል። እሱን ያጣዋል?

ተነሣሁና የሚገባውን ነገርኩት። ሳሙናውን የሚያበስለው እሱ ነው፤ ድስቱን ትቶ ፕሬስ ላይ ይፈርዳል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ካፖርቱ ነጭ የሆነው ሥራ ስለማይነካው ነው አልኩት። ከእሱ የባሰም አልኩ። በመሐሉ ዝምታ እጇን አነሣች። "እኔ እንኳ ማድረቂያው ላይ አንድ ነገር..." ስትል "ቆይ አንቺ፣ አሁን የምናወራው ስለ ማሽን ነው!" አልኳት። ባለቃጭሉም አቃጨለ። ሰዓቱ አልቋል።

ያደነቆረን እንግዲህ ቃጭሉ ነው።

አራተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ፕሬሱን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታሁት። ለካሁት፣ ጠረግሁት፣ መልሼ ገጠምሁት። እንደ ሙሽራ ነው። ምንም የለበትም። ግን ማን ያምነኛል?

አምስተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ደረቴ። ሰኞም ማክሰኞም ዛሬም ተኝቻለሁ። ጸሐፊዬ ሾርባ ታመጣለች፣ ትቆጣለች፣ ትጽፋለች። በቃ።

አምስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ትናንት ስመለስ ፋብሪካው ሠርግ ቤት መስሏል። ስንጥቁ ጠፍቷል! ከማክሰኞ ጀምሮ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ባለቃጭሉ ኬክ አስቆርሷል። ምክንያቱም እሱ ነዋ! ሰኞ ዕለት በየክፍሉ ጽሑፍ ሰቅሎ፣ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር አንድ ደቂቃ ተያይቶ ፈገግ እንዲል አዝዞ ነበር። ሳሙና በፈገግታ መሰንጠቅ ተወ! ይህን የሚያምን ሰው ዶሮ በመስታወት ፊት ቢያስቀምጡለት ሁለት እንቁላል ይጠብቃል።

ኬኬን ይዤ ወደ ወንበሬ ሄድኩ። ማድረቂያው ታፍኗል፤ መስኮቴን ማን እንደ ዘጋት እንጃ። ከፈትኳት፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁ። ኬኩ ራሱ ደረቅ ነው።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ስንጥቁ ተመልሷል። ከመቶ ዐሥራ ሁለት። ባለቃጭሉ "ፈገግታው ከልብ አልሆነም" አለ። ፈጽሞ አልቀለድኩም፤ ያለው ይህንን ነው።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልናገር።

ስብሰባው ሳይጀመር ኮሪደሩ ላይ ዝምታ ጠብቃኝ ነበር። ቢጫ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በሁለቱም ፊት በጥቃቅን ፊደል የተሞላች። "ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ ሳልለጥፈው መጀመሪያ እርስዎ ይዩት ብዬ ነው" አለችኝ። ኬሚስቱና የሒሳብ ክፍሏ ከኋላችን ደረሱ። ሦስት ሰው አፍ አፌን ያያል። ወረቀቷን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ፤ ገልብጬም አየሁ። ሰው ሲያነብ እንደማየው። ከዚያ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

"አይረባም፣ ልጄ" አልኳት። "እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ሰው ፊት እንዳትቀርቢ።"

ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልናገርም። "እሺ ጋሼ" አለች። ወረቀቷን ኪሴ ከተትኳት። ኬሚስቱ ሲስቅ ሰማሁት።

ምን ጽፋ ይሆን? ምን ትጽፋለች! ስለ ጓንት ወይ ስለ ደመወዝ ነው።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ጸሐፊዬ ወረቀቷን አምጣ ትለኛለች። የለችም አልኳት። እንዲያውም ሥራ አግኝታለች፦ መስኮቴ በነፋስ እየተንቀጫቀጨች ስታስቸግረኝ አራት ቦታ አጥፌ ከሥሯ ወተፍኳት። አሁን ጸጥ ብላ ክፍት ትቆማለች። ከባለቃጭሉ ወረቀቶች ሁሉ አንድ ቁም ነገር የሠራች እሷ ናት።

"ከሥራ ስትወጣ ይዘሃት ና፣ አባባ" አለች።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ላንብባት።"

"እኔ አንብቤያታለሁ!" አልኳት። አፌ አመለጠኝ። ቀና ብላ አየችኝ። "አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም" ብላ ደብተሩን ከደነች። በገዛ ቤቴ!

ይህን በማግስቱ ነው ያስጻፍኳት። እምቢ ብላ ነበር።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ቶሎ ጻፊ፣ ሳልተወው።

ዛሬ ድምፅ ተሰጠ። ግድግዳው ላይ አራት ትልልቅ ወረቀቶች ተሰቀሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ጽሑፍ። ለአራታችን አንዳንድ ቀይ ነጥብ ታደለን፣ ጀርባዋ ሙጫ። የምትደግፉት ላይ ለጥፉ ተባለ። እንደተለመደው መናገር የለም፣ ማንበብም በሆድ ነው። አቃጨለ።

እኔ አልቸኮልኩም። ኬሚስቱ ሁለተኛው ላይ ለጠፈ። የሒሳብ ክፍሏም ሁለተኛው ላይ። ዝምታ ብቻዋን ሄዳ አራተኛው ላይ ለጠፈች። ሁለት የተማሩ ሰዎች ከአንድ ቦታ ከቆሙ አደጋ የለውም ብዬ፣ እኔም የእኔን ሁለተኛው ላይ አሳረፍኩ። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ። እንዳትላቀቅ።

ባለቃጭሉ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። አንደኛው፣ ፕሬሱ ይለወጥ፤ ድምፅ የለውም። ደስ አለኝ። ሦስተኛውም ድምፅ የለውም። አራተኛው፣ ማድረቂያ ክፍሉ ይመርመር፤ አንድ ድምፅ። ማድረቂያ ክፍሉ ምን ሆነ? በየጠዋቱ እዚያው አይደለሁም እንዴ፣ ብዬ ልስቅ ስል ሁለተኛውን አነበበ።

"በሦስት ድምፅ፦ አሽጊዎቹ በማሽን ይተኩ።"

ዝምታ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ እርስዎም?" አለች።

እርስዎም።

አላየሁም ልበል? አላነበብኩም ልበል? ሠላሳ አራት ዓመት የደበቅኩትን እዚያ ኬሚስት ፊት ላውጣው? "ሁሉም ያለው ነው" አልኩና ወጣሁ።

ዐሥራ አንድ ሴቶች። ልጆቻቸው ሳይቆጠሩ።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ወረቀቷን ይዤ መጣሁ። በነፋስ ደርቃለች፣ በዝናብ ጠርዟ ደብዝዟል፤ ፊደሉ ግን አለ። ጸሐፊዬ መጀመሪያ በሆዷ አነበበች። ከዚያ "ጮክ ብዬ ላንብብልህ?" አለችኝ፤ እንደ ሐኪም። እንደተጻፈው ትገልብጠው፦

"ጋሼ፣ ለብቻዎ የጻፍኩልዎ ሰው ፊት ላለመናገር ነው። የሚሰነጠቀው የሦስተኛው መደርደሪያ ሳሙና ብቻ ነው፤ እኛ ስለምንሸከመው እናውቃለን። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ሲመታ ይከፈታል። እርስዎ ታመው በቀሩ ጊዜ አልተሰነጠቀም። መስኮቱን ቢዘጉልን ይበቃል። ሐሳቡን እርስዎ እንዳገኙት አድርገው ይናገሩ፤ እኔ ምንም አልልም። ፕሬሱ ጤነኛ እንደሆነም አውቃለሁ።"

ማድረቂያው ውስጥ ስምንት መደርደሪያ አለ። ከስምንት አንድ ማለት ከመቶ ዐሥራ ሁለት ተኩል ነው። ቁጥር አውቃለሁ ብዬ አልነበር?



ስምንተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

መስኮቱን ዘጋሁት። በምስማር።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ስንጥቅ የለም። ትናንትም አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም። ምን አስቸኮለኝ? ሳሙናው ዳነ፣ ሴቶቹም ይድናሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ። ጉልበቴ ይጮኻል፤ ይጩህ።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የሰው ልጅ ምን ያህል ሊጃጃል እንደሚችል የሚለካ ሚዛን ቢኖር ዛሬ ይሰበር ነበር።

ባለቃጭሉ ሥዕሉን አበራ። መስመሩ ቁልቁል ወርዷል። "አያችሁ?" አለ። "ሴቶቹ እንደሚቀነሱ ከሰሙ ወዲህ ስንጥቁ ጠፋ። ፈርተው ተጠነቀቁ ማለት ነው። ድሮም ጥፋቱ የእነሱ አያያዝ እንደነበር ይኸው ተረጋገጠ!" ሥራ አስኪያጁም ተገኝቶ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። ሰኞ ይፈርማል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አይጡም እዚያው ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። እኔ ነኝ። በድብቅ የዘጋሁት መስኮት በሴቶቹ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። ሳልዘጋው ብቀር ይሻላቸው ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ቃጭሉ ጮኸ። ዘጋሁት። በቃጭል የሚነዳ በግ ማን እንደሆነ ዛሬ ታወቀ።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ማሸጊያ ክፍል ሄድኩ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ፣ ወፍራሟ፣ "መጡ ባለ ቀይ ነጥቡ" አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አይደለም። ዝምታ ሳሙና እየጠቀለለች ነበር። እጇን አላቆመችም።

"መስኮቱን ዘጋሁት" አልኳት።

"አይቻለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ሐሙስ ዕለት ለምን አልተናገርሽም?"

"ነግሬዎ ነበር እኮ። አይረባም አሉኝ።" ሁለት ሳሙና ጠቀለለች። "ያወቁት ነገር መስሎኝ ነበር። እያወቁ እንቢ ያሉን።"

ያኔ አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ከአፌ ያልወጣውን። ቀስ ብዬ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ማሽን ላይ መጮህ የለመደ ጉሮሮ ግን ቀስ ማለት አያውቅም። "ማንበብ አልችልም!" ስል ዐሥራ አንዱም ሰሙ።

እጇ ቆመ። ወፍራሟ ሴት "ውይ" አለች።

"ያ ባዶ ወረቀት..." አለች ዝምታ።

"ባዶ ወረቀት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።"

አንዲት ሳቅ አመለጠቻት፤ በእጇ ጀርባ ያዘቻት። ከዚያ ዓይኗ ውኃ ሞላ። "እኔ ደግሞ የናቁኝ መስሎኝ ነው" አለች።

መዋሸት እችል ነበር። "ንቄሽም ነበር" አልኳት። "ማንበብ አለመቻሌ አንድ ነገር ነው። ባነበውም ግን ከአንቺ መጣ ብዬ እጥለው ነበር። ሁለቱም ነው።"

ከዚያ አጠገቧ ያለውን የሳሙና ሣጥን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። "ይቀመጡ፣ ጋሼ" አለች። "ጉልበትዎን ያምዎታል።"

ተቀመጥኩ። ሻይ አመጡልኝ። ወፍራሟ ሴት ወረቀት አጣጥፋ ስታሳየኝ ሞከርኩት፤ ስድስት ሳሙና ጠቀለልኩ። አምስቱን ፈትታ እንደገና ጠቀለለቻቸው።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ እሑድ

ነገ ሥራ አስኪያጁ ከመፈረሙ በፊት ቡድኑ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባል። ባለቃጭሉ እያንዳንዳችን ከደብተራችን አንድ ገጽ እናነባለን ብሏል። ማንም አያየውም ያለው ሰው! እኔ የማነበው ገጽ የለኝም፤ የምናገረው ግን አለኝ። ጸሐፊዬ ወረቀት ይዘህ ቁም፣ ያነበብክ ይምሰል ትለኛለች። ለፈተና ነው መሰለኝ፤ ዓይኗ ይስቃል። አልይዝም። እጄን ኪሴ ከትቼ እናገረዋለሁ። ጻፊው፦

"ሳሙናውን ያሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ በየጠዋቱ ማድረቂያው ውስጥ እየተቀመጥኩ መስኮት እከፍት ነበር። ያገኘችው የአሽጊዎቹ አለቃ ናት። ስምንተኛው ሳምንት ሳይገባ፣ ስድስተኛው ላይ፣ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። ማንበብ ስለማልችል ጣልኩት። ሴቶቹን በማሽን ለመተካት የሰጠሁትንም ድምፅ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የሰጠሁት፤ ነጥቤን መልሱልኝ። ካላመናችሁኝ ምስማሩን እነቅላለሁ፤ ዛሬ መስኮቱን ከፍተን ነገ እንዝጋው፤ ሳሙናው ራሱ ይመስክር። ከዚያ የሚሰናበት ሰው ካለ ከሴቶቹ አንዷ አትሆንም፤ እዚህ ቆሟል።"

ባለቃጭሉ መሐል ላይ ቢያቃጭል ቃጭሉን ተቀብዬ ኪሴ እከተዋለሁ። ይህን ግን ለእሱ አስቀድመሽ እንዳትነግሪው።

ስለዚያ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ሞኝ ነው። ግን "ካለፈው ክረምት ወዲህ ምን ተለወጠ?" ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። መልሱ ከፊቱ ተቀምጦ ማሽን ላይ ይጮህ ነበር።

አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ነገ ቃሉ እንዳይጠፋኝ በጆሮዬ ልይዘው እፈልጋለሁ። "አይረባም፣ ልጄ" ያልኩበት ቦታ ስትደርሺ ለእኔ አዝነሽ ልትዘልዪው ታስቢ ይሆናል፤ እንዳታደርጊው። ብትዘልዪው አውቃለሁ፤ ጆሮዬ የፕሬስ ጆሮ ነው። እሱን እንዲያውም ሁለት ጊዜ አንብቢው።